«አራተኛ ፎቅ የምሸከመው፣ አራት ኪሎ የሚያወጣኝ ሳይክል ምረጡልኝ»

ደብዳቤው የመጣው ከግንፍሌ ነው። ትንሽ አሳጥረን እነሆ።

«ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሳይክል ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ፤ ለሥራ አዲስ አበባ ስመጣም አልተውኩም። የምኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ዓምና ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ፊቱም ኋላውም ሞላ አለው፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። ባለሱቁ ‹ለአዲስ አበባ መንገድ ከዚህ የተሻለ የለም› ብሎኝ ነበር። ግን ማታ ስመለስ ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ያለው ዳገት ይጨርሰኛል። ጉልበቴን ያመኛል፣ መዳፌ ይደነዝዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ አራት ፎቅ ተሸክሜው እወጣለሁ። ወንድሜ ‹ኮርስ፣ የውድድሩን ሳይክል ግዢ፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው› ይለኛል። መርካቶ ደግሞ ሃይብሪድ የሚሉት ያገለገለ ሳይክል አይቻለሁ። አሉሚኒየም ነው፣ ባለ 24 ማርሽ ነው፣ ሞላ የለውም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ቢሮ ብዙ ጊዜ በቀሚስ ነው የምሄደው። የቱን ልግዛ? ሳይክል የሕፃን ነው እያሉ የሚያሾፉብኝም አሉ፤ እነሱንስ ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ ሃይብሪዱን ግዢ። ግን «ሃይብሪድ ነው» ስላሉሽ ብቻ ብር እንዳትቆጥሪ። ሃይብሪድ የማውንቴንና የኮርስ ቅልቅል ነው፤ በዚህ ስም የሚሸጡ ሳይክሎች በጣም ይለያያሉ። አንዳንዱ ዳገቱን ያቀልልሻል። አንዳንዱ አሁን ካለሽ ሳይክል ብዙም አይሻልም። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ራስሽ እንድትለዪው የሚረዳሽን ልንገርሽ።

መጀመሪያ መንገድሽን እንየው። ጠዋት ከግንፍሌ አራት ኪሎ ያለችውን አጭር ዳገት ትወጫለሽ። ከዚያ በቤተ መንግሥቱና በሂልተን በኩል እስከ መስቀል አደባባይ ቁልቁለት ነው። በስታዲየምና በለገሃር አድርገሽ ሜክሲኮ እስክትደርሺ ደግሞ መንገዱ ብዙም አያስቸግርም። ማታ ሁሉም ይገለበጣል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ቢሮ ላብ ሳያጠምቅሽ ትደርሻለሽ፤ ዋናው ዳገት የሚጠብቅሽ ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ለጥ ያለች ከተማ ናት። መስቀል አደባባይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ከዚያ ወደ ላይ ይቀጥላል። እዚያ አንድ ማርሽ የበቃሽ ልጅ እዚህ ብትደክሚ አቅም አንሶሽ አይደለም። ለሜዳ የሚበቃ ሳይክል ለዳገት ስለማይበቃ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። አንቺ 60 ኪሎ ነሽ፤ ቦርሳሽን 4 ኪሎ እንበለው። ፊትና ኋላ ሞላ ያላቸው የብረት ሳይክሎች ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናሉ። ያንቺን 18 እንያዘው። ድምሩ 82 ኪሎ ይሆናል። ደህና ሃይብሪድ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ነው። 12 ኪሎ የሆነ ብታገኚ ዳገቱን ይዘሽ የምትወጪው 76 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 7 ገደማ መሆኑ ነው። ይሰማሻል፤ ግን አሁን ያለብሽን ድካም በሙሉ አያነሳልሽም። ቀሪው ድካም የሚመጣው ከጎማው፣ ከሞላው፣ ከማርሹና ከአቀማመጥሽ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳይክል በአንድ እጅ ብድግ አድርጎ «ኧረ ቀላል ነው!» ብሎ የሚገዛ ሰው እነዚህን አራቱን ሳያይ ይወጣል። ደረጃው ላይ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። እዚያ የምትሸከሚው ሳይክሉን ብቻ ነው። ከ18 ወደ 12 ሲወርድ ሲሶው ቀለለልሽ ማለት ነው። ስለዚህ ላንቺ ኪሎው ዋጋ አለው፤ ዋጋው በተለይ ደረጃው ላይ ነው።

ጥርሳም ጎማ የተሠራው ለጭቃና ለኮረኮንች ነው። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ እየተጣጠፈ ጉልበትሽን ይበላል። ስትነጂ የምትሰሚው «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅም ከዚያ ነው። ሞላውም እንዲሁ ነው። ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነስተሽ ስትረግጪ ሳይክሉ ወደ ታች ስምጥ ብሎ ሲመለስ አይተሽ ይሆናል። ያ ወደ ፊት ሊወስድሽ የሚገባ ጉልበት ነው። ርካሽ የፊት ሞላ ብቻውን 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ሞላ የሌለው ሹካ ግን የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ሞላ የሌለውን ሃይብሪድ ካየሽው፣ ያ ጉድለቱ ሳይሆን ጥቅሙ ነው።

«ታዲያ ጉድጓዱስ?» ትይኝ ይሆናል። ጉድጓዱን ጎማው ይችለዋል። የጎማውን ጎን አንብቢ። 700 በ38 የሚል ጽሑፍ ካለው፣ ሁለተኛው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ላንቺ መንገድ ከ35 እስከ 42 ያለው ተስማሚ ነው። ከዚያ ከቀጠነ ይነዝርሻል፤ የፍሳሽ ማስተላለፊያ ክዳኖች ክፍተት ውስጥ የመግባት ዕድሉም ይጨምራል። ከላይ ደግሞ ልሙጥ ወይም ትንሽ መስመር ብቻ ያለው ይሁን። የነፋሱ ልክ እዚያው ጎን ላይ ተጽፏል። 38 ሚሊ ሜትር ጎማ ላንቺ ክብደት ከ45 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ቢሞላ ጥሩ ነው፤ የኋላውን ከፊቱ ትንሽ ጠንከር አድርጊው። ጎሚስታ ቤት ስታስሞዪ ልኩን አንቺ ንገሪያቸው። የመኪና ጎማ ሲሞላ በሚውል ማሽን የሳይክል ጎማ በአፍታ ከልክ ያልፋል።

ነፋስ መሙያውንም እዪው። ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጥምሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ መኪናው ወፈር ያለ፣ ሌላው ጫፉ ላይ ትንሽ የሚፈታ ነገር ያለው ቀጭን። የመጀመሪያው ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላልሻል። ቀጭኑ ከሆነ መቀየሪያ ጫፍና የራስሽ ፖምፓ ያስፈልግሻል። ለግዢው እንቅፋት አይደለም፤ ብቻ ቀድመሽ እወቂው። ትርፍ ካላማዳሪያም አብረሽ ግዢ። ሰፈርሽ ውስጥ የ700 ጎማ ካጣሽ የ29 ማውንቴን ጎማ ጠይቂ፤ ሁለቱም የሚገቡበት ቸርኬ ልክ አንድ ነው፣ 622 ሚሊ ሜትር። ከመግዛትሽ በፊት ግን ስፋቱ ፍሬሙ ውስጥ የሚያስኬድ መሆኑን አረጋግጪ፤ የማውንቴኑ ጎማ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን፤ ማርሹ ላይ። ሻጩ «24 ማርሽ ነው» ሲልሽ ዳገት ስለመውጣቱ የነገረሽ ነገር የለም። 21ም ይሁን 24፣ ብዛቱ አያወጣሽም። የሚያወጣሽ አንድ ማርሽ ብቻ ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው። እሱን ለማወቅ ቁጭ ብለሽ ጥርስ ቁጠሪ። ከፔዳሉ ጋር ከሚዞሩት ትንሹ ስንት ጥርስ አለው? ኋላ ካሉት ትልቁስ ስንት ነው? የፊቱን ለኋላው አካፍዪ። ውጤቱ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርሻል።

በምሳሌ እንየው። የ700 በ40 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ገደማ ይሄዳል። ፊት 28፣ ኋላ 28 ጥርስ ካለው፣ በአንድ እርግጫ ዙር 2 ሜትር ከ20 ትሄጃለሽ። ፊት 28፣ ኋላ 34 ከሆነ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይወርዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሪ የመጀመሪያው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 6 ተኩል ገደማ ያስኬድሻል። በዚህ ፍጥነት ዳገቱን ሳትቆሚ፣ ጉልበትሽን ሳታስጨንቂ ትወጪዋለሽ። ስለዚህ ትንሹ የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ። ፊት አንድ ብቻ ያለው ሳይክልም ሊሆን ይችላል፤ ያው ክፍፍል ይሠራለታል።

የወንድምሽን ኮርስም በዚሁ ሂሳብ እንመዝነው። ብዙ ያገለገሉ ኮርሶች ፊት ትንሹ 39፣ ኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነው። በአንድ ዙር 3 ሜትር ከ30 ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር ዳገቱን በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት አለብሽ ማለት ነው። ሳይክሉ ቀላል ነው፤ እርግጫው ግን ከባድ ነው። ጉልበቱ ለታመመ ሰው አልመክረውም። አጎንብሰሽ የምትይዢው መሪ ደግሞ አሁን የሚደነዝዘውን መዳፍሽን የባሰ ያደነዝዘዋል። ወንድምሽ ፎቁን አስቦልሽ ነው፤ ዳገቱን አላየውም።

ኮርስን መንቀፌ ግን አይደለም። የሚያሾፉብሽ ሰዎችም ይህን ይስሙ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረውላታል። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ላይ ነድቷል። ሳይክል የሕፃን ነው የሚል ሰው ይህን አልሰማም። አንቺ ግን መልስ ለመስጠት ብለሽ መንገድ ላይ አትቁሚ። ሥራሽ በሰዓትሽ መድረስ ነው።

ወደ ሕመምሽ ልመለስ፤ ምክንያቱም አዲስ ሳይክል ብትገዢም አቀማመጥሽ ካልተስተካከለ ይከተልሻል። ጉልበት የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርሽ የፊት ክፍል ስትረግጪ ያኔ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። እንዲህ ሲሆን ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ሁለቱን እግርሽን መሬት ማስነካት አትችዪም። ይህ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ኮርቻውን ዝቅ የሚያደርጉትም ለዚያ ነው። ታክሲ ፊትሽ ሲቆም ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደሽ መቆም ተለማመጂ። ባሕር ዳር ያደገች ልጅ በአንድ ቅዳሜ ትለምደዋለች። ይህን ዛሬውኑ ባለሽ ሳይክል ሞክሪው፤ ወጪ የለውም። ከሳምንት በኋላም ሕመሙ ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

መዳፍ የሚደነዝዘው ክብደትሽ እጅሽ ላይ ሲያርፍ ነው። መሪው ሩቅ ወይም ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ለቁመትሽ ፍሬሙ ትንሹ ልክ፣ ከ15 እስከ 17 ኢንች ያለው ሊስማማሽ ይችላል። ቁጥሩ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የመጨረሻው ፈራጅ ሰውነትሽ ነው። መሪውን ስትይዢ ክርንሽ ትንሽ ታጥፎ፣ ትከሻሽ ላላ ብሎ፣ አንገትሽን ሳታስጨንቂ ሩቅ ማየት አለብሽ። ፍሬሙ ትልቅ ከሆነ ኮርቻ በማንቀሳቀስ አይስተካከልም። የቱንም ያህል ቢረክስ ተዪው።

ቀሚስሽ ከፎቅሽ ጋር ይጣላል፤ ይህን በደንብ አስቢበት። የላይኛው ቱቦ በጣም ዝቅ ያለ የሴት የሚባለው ፍሬም ለቀሚስ ምቹ ነው። ደረጃ ላይ ግን ትከሻሽ ላይ የምታስገቢበት ቦታ የለውም። በእጅሽ አንጠልጥለሽ ስትወጪ መሪው ግድግዳ ይመታል፣ ፔዳሉ ቅልጥምሽን ይመታል። ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው ደግሞ ለትከሻ ይመቻል፤ በቀሚስ ለመውጣትና ለመውረድ ያስቸግራል። ላንቺ የምመርጠው መሃለኛውን ነው፤ ቱቦው ከመሪው ወደ ኮርቻው ዘቅዘቅ ያለ። ከሥሩ ትከሻሽ ይገባል፤ ሰፊ ቀሚስ ከለበስሽም እግርሽን ማሻገር አያቅትሽም። ጠባብ ቀሚስ ለምትለብሺበት ቀን ቢሮ አንድ ልብስ አስቀምጪ። የሰንሰለቱ መከለያ መኖሩንም እዪ፤ ከሌለው አስገጥሚለት። ቀሚስሽን ከቅባትም ከመጠለፍም ያድንልሻል።

ቦርሳሽን ጀርባሽ ላይ አትዘዪው። ኋላ ፖርቶመጋላ ይግባለት። ፖርቶመጋላና ፓራፋንጎ የሚታሰሩባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ፍሬሙ ላይ መኖራቸውን አረጋግጪ፤ በጎማውና በፍሬሙ መሃል ለፓራፋንጎው ቦታ መኖሩንም ጭምር። ሐምሌ ላይ ያለ ፓራፋንጎ ቢሮ መግባት አይታሰብም።

ፍሬኑ ላይ አትደራደሪ። በየጠዋቱ የምትወርጂው ቁልቁለት ክረምት ላይ እርጥብ ነው። ዲስክ ፍሬን በዝናብ ቶሎ ይይዛል። በሽቦ የሚሳበው ዓይነት ከሆነ ለጥገናም ይቀላል። ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ዓይነትም መጥፎ አይደለም፤ ቸርኬው ግን አሉሚኒየም ይሁን። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ላስቲኩን ያንሸራትተዋል፤ ለመቆም በጣም ረጅም ርቀት ትፈልጊያለሽ። እንዲህ ያለውን ለቁልቁለትሽ በፍጹም አልፈቅድም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ መሃል ከተማው ውስጥ የብስክሌት መስመር ያላቸው መንገዶች በዝተዋል። መስመሩ ላይ ግን እግረኛም ይሄዳል፣ ሕፃን ድንገት ይገባል። ቀለም የተቀባውና ንጣፍ ያለው ቦታ ሲረጥብ ያንሸራትታል። እዚያ ላይ ፍሬንሽን ቀስ አድርገሽ ያዢ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ።

በባትሪ የሚሠራው ሳይክል ዳገቱን ያለ ጥርጥር ያቀላል። ብዙዎቹ ግን ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ማውጣቱ ያንቺ ሥራ ነው። ምድር ቤት የምታስቀምጪበት የተጠበቀ ቦታ እስክታገኚ ይቆይ።

መርካቶ ስትሄጂ ሳይክል የሚያውቅ ሰው ካለሽ ይዘሽ ሂጂ። ከሌለሽም ራስሽ ታዪዋለሽ። የሻንጣ መመዘኛ ያለው ሰው ካገኘሽ ተውሰሽ አንጠልጥለሽ መዝኚው። ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በጣትሽ ዳስሺ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች አሉሚኒየም አይታመንም፣ አትግዢው። ጎማዎቹን እያነሳሽ አዙሪያቸው። ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው የሚንቋቋ ከሆነ የጥገናውን ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሺ። ሰንሰለቱን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በጣትሽ ወደ ፊት ሳቢው። ርቆ ጥርሱ ከታየሽ አልቋል። ሰንሰለት መቀየር ቀላል ነው፤ ያለቀ ሰንሰለት ግን ጥርሶቹንም በልቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወጪው ይበዛል።

ከዚያ ንጂው። ሱቁ በር ላይ ዞር ዞር ማለት አይበቃም። መያዣ አስቀምጪና ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ውጪበት። ዳገቱ መሃል ላይ ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀይሪ። ሳይንቋቋ ከገባ፣ ሰንሰለቱ ካልዘለለ ጥሩ ነው። ትከሻሽ ላይም አንሺው፤ ሻጩ ቢገረምም ግድ የለም።

ያለሽን ብር በሙሉ ሳይክሉ ላይ አትጨርሺ። ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ጠንካራ ቁልፍና ፓራፋንጎ ከዚያው በጀት ይውጡ። ለእነሱ የሚተርፍ ከሌለሽ ሻል ያለውን ትተሽ ረከስ ያለውን ሃይብሪድ ውሰጂ። በቀጭን ሽቦ የሚቆለፈውን ቁልፍ አትመኚው፤ በመቁረጫ በአፍታ ይበጠሳል። ያገለገለ ስለሆነ የሽያጭ ወረቀት አስጽፊ። ፔዳሉ የሚዞርበትን ቦታ ገልብጠሽ ከሥሩ የተመታውን የሳይክሉን መለያ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አስገቢ፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

ገዝተሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማርሹና የፍሬኑ ሽቦ፣ አዲስ ተቀይሮ ከሆነ፣ ትንሽ ይላላል። ማርሹ መዝለል ሲጀምር ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ለሻጩ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጊዜ በነፃ እንዲያጠብቅልሽ ተስማሚ፤ ካልተስማማ የሰፈር ጠጋኝ በትንሽ ብር ይሠራዋል። የአሁኑን ሳይክልሽንም እስከዚያው አትሽጪው።